በጫካ ውስጥ የተተከለች ከተማ
የቄስ አልበርተስ ቫን ራልተ የሕይወት ታሪክ



በአሜሪካ አገር ሚሺጋን በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ከታላቁ የሚሺጋን ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ አጠገብ፣ ሆላንድ የምትባል ከተማ አለች። ዛሬ ይህችን ከተማ የሚጎበኝ ሰው ቀጥ ያሉ መንገዶችዋን፣ በፀደይ ወራት የሚያብቡትን አበቦችዋንና በዙሪያዋ ያሉትን ለም እርሻዎች ተመልክቶ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ የነበረች ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን እስከ 1847 ድረስ በዚያ ስፍራ ከተማ አልነበረም። የነበረው ሰማይን የሚሸፍን ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ረግረግና በጥቂት ስፍራ የተቀመጡ የአገሬው ነባር ሕዝብ ነበሩ። ደኑን መንጥረው እርሻ ያወጡትና ከተማውን የቆረቆሩት ከአውሮፓ በመርከብ ተሻግረው የመጡ ድሆች ገበሬዎችና የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። መሪያቸውም ቄስ አልበርተስ ክርስቲያን ቫን ራልተ ይባሉ ነበር።

የእኚህን ሰው ታሪክ የምናነበው ከተማ ስለ መሠረቱ ብቻ አይደለም። ከተማ የመሠረቱ ሰዎች ብዙ ናቸው። እኛን ሊያስተምረን የሚችለው ነገር ሌላ ነው። እኚህ ሰውና ተከታዮቻቸው በአገራቸው ስለ እምነታቸው ተቀጥተዋል፣ ታስረዋል፣ ተንቀዋል። በኋላ ግን ነጻነትም፣ መሬትም፣ ሥልጣንም በእጃቸው ገባ። የተገፋ ሰው ጊዜ ሲያልፍለት ምን ያደርጋል? ይህ ጥያቄ በቄስ ቫን ራልተ ሕይወት ውስጥ ደጋግሞ ተነሥቷል። መልሱም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ጥሪ

አልበርተስ ቫን ራልተ ኦክቶበር 17 ቀን 1811 ቫነፐርፌን በምትባል የኔዘርላንድስ መንደር ተወለዱ። አባታቸው የካልቪንን ትምህርት በምትከተለው በአገሪቱ የሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። ልጁም በቄስ ቤት እንደሚያድግ ልጅ ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስ ሲነበብ እየሰሙ፣ ጸሎት እየለመዱ አደጉ። ሆኖም በቄስ ቤት ማደግ ራሱ እምነት እንዳልሆነ በኋላ ተረድተውታል።

ወጣቱ ቫን ራልተ ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ በሄዱበት ዘመን፣ በ1832 የኮሌራ ወረርሽኝ በአገሪቱ ገባ። ትናንት አብረው የነበሩ ሰዎች ዛሬ ሬሳ ሆነው ሲወጡ ባዩ ጊዜ ወጣቱ ተማሪ ስለ ራሳቸው ነፍስ አጥብቀው ማሰብ ጀመሩ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሕይወታቸውን ለእግዚአብሔር አገልግሎት ለመስጠት ቆረጡ። በዩኒቨርሲቲው ውስጥም እንደ እርሳቸው የሚያስቡ ጥቂት ተማሪዎች አገኙ። የጓደኞቹ መሪ ሄንድሪክ ስኮልተ ይባል ነበር። አንቶኒ ብሩመልካምፕም ከመካከላቸው ነበረ። እነዚህ ወጣቶች እየተሰበሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ያጠኑና ይጸልዩ ነበር። የቡድኑ አባላት ቁጥር ትንሽ ቢሆንም ከመካከላቸው የወጡት ሰዎች ግን በሁለት አህጉር የሚታወስ ሥራ ሠርተዋል።

በሩ ሲዘጋ

በዚያን ዘመን የኔዘርላንድስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ነበረች። ንጉሥ ዊሊያም ቀዳማዊ በ1816 ባወጡት ደንብ ቤተ ክርስቲያን የምትተዳደረው ከላይ በተሾሙ ጉባኤዎች ነበር። ብዙ ተራ ምእመናን ደግሞ ስብከቱ ቀዝቅዟል፣ የአባቶች እምነት ተዘንግቷል እያሉ ያዝኑ ነበር። በ1834 ኡልሩም በምትባል መንደር ሄንድሪክ ደ ኮክ የተባሉ ቄስ ከምእመናናቸው ጋር ከመንግሥቲቱ ቤተ ክርስቲያን ተለዩ። ስኮልተና ሌሎችም ተከተሏቸው።

ቫን ራልተ ትምህርታቸውን ጨርሰው የቅስና ማዕረግ ለመቀበል በ1835 በቀረቡ ጊዜ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱን ደንቦች ሁሉ ያለ ምንም ማመንታት ለመቀበል ቃል እንዲገቡ ተጠየቁ። እርሳቸውም ከእግዚአብሔር ቃል ጋር እስከተስማማ ድረስ ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለ ቃል ለመግባት ሕሊናቸው አልፈቀደም። ስለዚህ የአባታቸው ቤተ ክርስቲያን በርዋን ዘጋችባቸው። በማርች 1836 በአምስተርዳም በተደረገው የተለዩት ምእመናን ጉባኤ ላይ ቅስና ተቀበሉ። በዚያው ወር ክርስቲና ዮሐና ደ ሙን የተባለችውን ወጣት አገቡ።

ከዚያ በኋላ የመጣው መከራ ነው። ከፈረንሣይ አገዛዝ ዘመን የቀረ አንድ ሕግ ከ20 በላይ የሆኑ ሰዎች ያለ መንግሥት ፈቃድ እንዳይሰበሰቡ ይከለክል ነበር። ባለ ሥልጣኖቹ ይህን ሕግ በተለዩት ምእመናን ላይ አዋሉት። በጎተራና በገበሬ ቤት የሚደረገው ጸሎት በፖሊስ ይበተን ነበር። በምእመናን ቤት ወታደሮች እንዲያርፉ ተደረገ። ቄስ ቫን ራልተም ተደጋጋሚ የገንዘብ መቀጮ ተጣለባቸው፣ እስር ቤትም ገቡ። እንዲህም ሆኖ ከመንደር ወደ መንደር እየዞሩ መስበካቸውን አልተዉም። ብዙ ቦታ የተበተኑትን ትናንሽ ማኅበሮች ያጸኑት በዚህ ዓይነት ነው።

ረሃብና አዲስ አሳብ

በ1840 ንጉሡ ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለቀቁ። በአዲሱ ንጉሥ ዘመን ስደቱ እየቀለለ ሄደ። ዳሩ ግን ሌላ ችግር መጣ። የተለዩት ምእመናን አብዛኞቹ ድሆች ነበሩ። ሥራ አልነበረም፣ ግብሩ ከባድ ነበር። አንዳንድ አሠሪዎችም በእምነታቸው ምክንያት ሊቀጥሯቸው አይወዱም ነበር። በ1845 ደግሞ የድንችን ቅጠልና ሥር የሚያበሰብስ በሽታ በአውሮፓ ተስፋፋ። ድንች ለድሃው ሰው ዋና ምግቡ ስለ ነበረ ረሃብ ሆነ። በተከታዩ ዓመትም ሰብሉ ሳይሻሻል ቀረ።

ቄስ ቫን ራልተ በዚያን ጊዜ ለድሆች ሥራ እንዲገኝ በማሰብ በጡብ ፋብሪካ ሥራ ተካፍለው ነበር። በአርንሄም ከተማም ከባለቤታቸው እኅት ባል ከቄስ ብሩመልካምፕ ጋር ሆነው ወጣት ሰባኪዎችን ያስተምሩ ነበር። ሆኖም የሚራበውን ሁሉ በአንድ ፋብሪካ መመገብ አይቻልም። ሁለቱ ቄሶች በ1846 ስለ ስደት አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። በመጽሐፉ ውስጥ ሕዝቡ ለምን ወደ ሰሜን አሜሪካ ቢሄድ እንደሚሻል፣ ኔዘርላንድስ ትገዛት ወደ ነበረችው ወደ ጃቫ ደሴት መሄድ ግን ለምን እንደማይበቃ አስረዱ። በጃቫ የሃይማኖት ነጻነት ዋስትና አልነበረም። እነርሱ የሚፈልጉት እንጀራና ነጻነትን በአንድነት ነበር። ልጆቻቸውን በእምነታቸው መሠረት የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ማቋቋምም ትልቁ ምኞታቸው ነበር።

በመጀመሪያ ቄስ ቫን ራልተ ሌሎችን ለመላክ እንጂ ራሳቸው ለመሄድ አላሰቡም ይባላል። በዚያው ዓመት በተስቦ በሽታ ታመው ሞት አፋፍ ደርሰው ዳኑ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡን ልኮ እረኛው መቅረት እንደማይገባው ወሰኑ።

ጉዞና የስፍራ ምርጫ

በ1846 መኸር ቄስ ቫን ራልተ ከባለቤታቸው፣ ከልጆቻቸውና ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር ከሮተርዳም ወደብ በመርከብ ተነሡ። መርከቡ አትላንቲክን አቋርጦ ኖቬምበር 17 ቀን ኒውዮርክ ደረሰ። ወደ ዊስኮንሲን ለመሄድ አስበው በወንዝና በሐይቅ መንገድ ወደ ምዕራብ ሲጓዙ ክረምቱ ቀደማቸው። ሐይቁ በበረዶ ተዘጋና በዲትሮይት ከተማ ለመቆየት ተገደዱ። ያቀዱት መንገድ በመዘጋቱ ግን ሌላ በር ተከፈተ። በዲትሮይትና በሌሎች ከተሞች ያሉ አሜሪካውያን ክርስቲያኖች ተቀብለው አስተናገዷቸው፣ የሚሺጋንን ምዕራባዊ ክፍል እንዲያዩም መከሯቸው። በአለጋን የሚኖሩት ዳኛ ጆን ኬሎግ ከአንድ የአገሬው መንገድ መሪ ጋር ሆነው በበረዶ ውስጥ እየመሩ ብላክ ሌክ ወደሚባለው ሐይቅ አደረሷቸው። ይህ ሐይቅ ዛሬ ማካታዋ ይባላል።

ብዙዎች ይህን ምርጫ ነቅፈውታል። ጓደኛቸው ስኮልተ ዛፍ የሌለበትን፣ ወዲያው ሊታረስ የሚችለውን የአዮዋ ሜዳ መርጦ በ1847 ፔላ የምትባል ከተማ መሠረተ። ስምዋንም የሰየማት ከኢየሩሳሌም ጥፋት በፊት ክርስቲያኖች በሸሹባት በጥንቷ ፔላ ነው። ቫን ራልተ ግን በሌላ መንገድ አሰቡ። የእርሳቸው ሰዎች ገንዘብ የላቸውም። ጫካ ያለበት ቦታ ቢሆን ድሃው ሰው የመጀመሪያውን አዝመራ እስኪሰበስብ ድረስ እንጨት ቆርጦ፣ ሳንቃ ፈልጦ፣ አመድ አንጥሮ እየሸጠ ይኖራል። ሐይቁ ወደ ትልቁ ሐይቅ ስለሚያደርስም ምርቱን ወደ ገበያ ለማውጣት ይቻላል። ደግሞም ሰፊ ባዶ መሬት ስለ ነበረ ሕዝቡ ሳይበታተን በአንድነት ሊሰፍር ይችላል። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1847 የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች በስፍራው ደረሱ።

የመጀመሪያው ዓመት መከራ

ኔዘርላንድስ ሜዳማና ዛፍ የሚያንሳት አገር ናት። ስለዚህ ከሰፋሪዎቹ አብዛኞቹ በሕይወታቸው ትልቅ ዛፍ ቆርጠው አያውቁም ነበር። ዛፉ ወዴት እንደሚወድቅ እንኳ ለመገመት ተቸገሩ። መጥረቢያ አያያዝ ያስተማሯቸው አሜሪካውያን ጎረቤቶች ናቸው። ቤት እስኪሠራ ድረስ ከቅርንጫፍና ከዛፍ ልጥ በተሠራ ዳስ ውስጥ ተጠለሉ። ዝናብም በረዶም ይገባባቸው ነበር።

በዚያው ዓመት በሙቀቱ ወራት በረግረጉ ዙሪያ ወባ ተነሣ። በመርከብ ጉዞ የደከሙት ሰዎች በዳስ ውስጥ ተጨናንቀው ስለ ነበር ተቅማጥና ሌሎች በሽታዎችም ተጨመሩ። ጤነኛ የሚባል ሰው የሌለበት ቤት ብዙ ነበር። ሬሳ የሚቀብር ሰው ታጣ። ቄስ ቫን ራልተ በቀን ሬሳ ይቀብራሉ፣ በሽተኛ ይጠይቃሉ፣ ያላቸውን ጥቂት መድኃኒት ያድላሉ። በሰንበት ደግሞ ይሰብካሉ። አንድ ጊዜ በጸሎት ላይ ሳሉ እንባቸው ገንፍሎ፣ ሁላችንም በዚህ ምድረ በዳ ልናልቅ ነውን ብለው እግዚአብሔርን እንደ ጠየቁ የዘመኑ ሰዎች ያስታውሳሉ። እምነት ያለው ሰው አያለቅስም ብለን የምናስብ ካለን ይህን እናስተውል።

ወላጆቻቸው የሞቱባቸው ሕፃናት በጣም ብዙ ስለ ነበሩ ሕዝቡ ተሰብስቦ የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ቤት ለመሥራት ወሰነ። ያ ሁሉ ድካምና ድህነት እያለ ግንዱ ተቆረጠ፣ ቤቱም ቆመ። ነገር ግን ለታሰበለት አገልግሎት ሳይውል ቀረ። ምክንያቱም ቤቱ ሲያልቅ ሕፃናቱ በየቤቱ ተወስደው ነበር። ራሳቸው የሚበሉት የሌላቸው ቤተሰቦች የሙታንን ልጆች ከልጆቻቸው ጋር ቀላቅለው ማሳደግ ጀመሩ። ቤቱም ለትምህርት ቤት ዋለ። በቄስ ቫን ራልተ ታሪክ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ ስብከት ለማግኘት ያስቸግራል።

ደኑ እርሻ ሲሆን

በ1847 እና በተከታዮቹ ዓመታት ሌሎች ቡድኖችም ደረሱ። ከዜላንድ ክፍለ ሀገር 457 ሰዎች በሦስት መርከብ ተጉዘው መጡ። ያኔስ ቫን ደ ላውስተር የተባለው ሀብታም ገበሬ የራሱን መሬት ሸጦ የብዙዎቹን ድሆች ወጪ ችሎላቸው ነበር። ከሆላንድ ከተማ በስተ ምሥራቅ የሰፈሩባትን ቦታ ዜላንድ ብለው ጠሯት። ፍሪስላንድ፣ ድሬንተ፣ ኦፈራይሰል፣ ግራፍስካፕ የተባሉት መንደሮችም በየመጡበት አገር ስም ተሰየሙ። እንዲህ ሆኖ ሆላንድ ከተማ በእርሻ መንደሮች ተከበበች።

በመጀመሪያ በጉቶዎች መካከል በዶማ እየቆፈሩ ድንችና በቆሎ ተከሉ። ቀጥሎም ስንዴ መጣ። ረግረጉን በቦይ ማድረቅ ለሆላንዳውያን የአባት ሥራ ስለ ነበረ በዚህ ማንም አልቀደማቸውም። መንገድና ድልድይ የሚሠራበትን፣ የሕዝቡን ጉዳይ ሁሉ የሚወስነው የሕዝብ ስብሰባ ነበር። የማኅበር ሱቅ ለማቋቋም ሞክረው አልተሳካላቸውም። የሐይቁ አፍ በአሸዋ እየተደፈነ መርከብ ስለማያስገባ የመንግሥት ርዳታ ለረጅም ጊዜ ጠበቁ። በመጨረሻም ሕዝቡ ራሱ አካፋውን ይዞ ወጥቶ የመርከብ መግቢያውን ቆፈረ።

ቄስ ቫን ራልተ በዚህ ሁሉ ውስጥ ሰባኪም፣ ሐኪምም፣ የመሬት ገዥና ሻጭም ነበሩ። ሰፊ መሬት በስማቸው ገዝተው ለሰፋሪዎች ያከፋፍሉ ነበር። በዚህ ምክንያት ሥልጣን አበዙ፣ በመሬትም ነገዱ እያሉ ያጉረመረሙባቸው ሰዎች አልጠፉም። ሥራውን ሁሉ አንድ ሰው ሲሸከም ምስጋናውም ወቀሳውም በአንድ ሰው ላይ ያርፋል።

በስፍራው የነበሩት ሰዎች

ስለ ከተማ መመሥረት የሚጻፉ ታሪኮች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ነገር አለ። ሰፋሪዎቹ የገቡበት አገር ባዶ አልነበረም። የኦዳዋ ሕዝብ አንድ ማኅበር ከ1830ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዚያ ይኖር ነበር። በገንዘባቸው መሬት ገዝተው፣ የጸሎት ቤት ሠርተው፣ ጆርጅ ስሚዝ ከሚባሉ ወንጌላዊ ጋር ኦልድ ዊንግ በተባለው የወንጌል ጣቢያ ተቀምጠው ነበር። ሆላንዳውያኑ በ1847 በበረዶ ውስጥ ሲደርሱ የተጠለሉት በወንጌላዊው ቤትና በኦዳዋዎቹ ጸሎት ቤት ነው። ስደተኞቹን በመጀመሪያ የተቀበላቸው የእነዚህ ሰዎች ጣራ ነበር።

ጥቂት ወራት ሳይቆይ ግን አለመግባባት ተፈጠረ። የሰፋሪዎቹ ከብት የኦዳዋዎቹን በቆሎ ይበላ ነበር። ኦዳዋዎቹ ለአደን ርቀው ሲሄዱ ሜፕል ከሚባለው ዛፍ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ የሚያጠራቅሙባቸውን የእንጨት ገንዳዎች ሰፋሪዎች የተጣለ መስሏቸው ወሰዱ። በሽታም መጣ። ሰፋሪዎቹ ቁጥራቸው በየወሩ ይጨምር ነበር። በ1849 ኦዳዋዎቹ ከወንጌላዊው ጋር ሆነው ዕቃቸውን ጭነው በሐይቁ ላይ ወደ ሰሜን ተሰደዱ። መሬታቸውም ወደ ሰፋሪዎች እጅ ገባ።

ኦሪት እስራኤልን በግብፅ ስደተኛ እንደ ነበሩ እያስታወሰች መጻተኛውን እንዳያስጨንቁ ታዝዛለች። እነዚህ ምእመናን ይህን ቃል በቃላቸው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ራሳቸውም ስደተኞች ነበሩ። ነገር ግን የራስ ቁስል የሌላውን ቁስል እንድናይ ሁልጊዜ አያደርገንም። አንዳንድ ጊዜም ዓይናችንን ይጋርደዋል። ማንም ክፉ ልብ ይዞ ባይመጣም ያስጠጋው ሕዝብ ተፈናቀለ። ይህን ሳንጽፍ የከተማይቱን ምሥጋና ብቻ ብንጽፍ ታሪኩ ግማሽ ይሆናል።

መለያየት በአዲሱ አገር

በ1850 ቄስ ቫን ራልተና የአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት በአሜሪካ ከነበረችው የቆየች የሆላንዳውያን ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተባበሩ። በመጡ ጊዜ የረዷቸው ወንድሞች እነዚያ ስለ ነበሩ ቫን ራልተ ይህን ኅብረት በደስታ ተቀበሉ። ሌሎች ግን ተጠራጠሩ። መዝሙሩ በመዝሙረ ዳዊት ብቻ ሳይወሰን ሌላ መዝሙር ይዘመራል፣ ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ሰው በደንብ አይመረመርም፣ የአባቶች ትምህርት ይላላል የሚሉ ቅሬታዎች ተነሡ። በ1857 አራት ማኅበሮች ተለይተው ወጡ። ከእነርሱ የተነሣችው ቤተ ክርስቲያን በኋላ ክርስቲያን ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ተባለች።

በአገራቸው ስለ ሕሊና ነጻነት የተለዩት ሰው አሁን ከእርሳቸው ሌሎች ሲለዩ አዩ። ነገሩ በጣም አሳዘናቸው። በአንድ ዳስ የተጠለሉ፣ በአንድ ጉድጓድ ሙታናቸውን የቀበሩ ጎረቤቶች በሰንበት ሁለት መንገድ ይዘው መሄድ ጀመሩ። ባሕር ተሻግሮ የሚሰደድ ሰው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የክርክር ልማዱንም ይዞ እንደሚሄድ ከዚህ እንረዳለን። ይሁን እንጂ በዚያ አገር የተለዩትን ማንም አላሰራቸውም፣ ማንም አልቀጣቸውም። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

ቄስ ቫን ራልተ በ1856 ያሠሩትና ስድስት ዓምድ በፊቱ የቆመለት ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ አለ። ማኅበሩ በ1880ዎቹ ከነባርዋ ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ተለየችው ገባ። በ2012 ግን በሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት አባልነት ተመዘገበ። ከ1857 መለያየት እስከዚያ ቀን 155 ዓመት አልፎ ነበር።

የተስፋ መልሕቅ

ቫን ራልተ ከሁሉ አብልጠው የደከሙለት ሥራ ትምህርት ነው። ሕዝቡ ገና የግንድ ቤት ውስጥ ሳለ በ1850 ከመሬታቸው 5 ኤከር፣ ማለት ሁለት ሄክታር ያህል፣ ለትምህርት ቤት ሰጡ። በ1851 ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። ገንዘብ ሲጎድል በየአብያተ ክርስቲያናቱ እየዞሩ ይለምኑ ነበር። ይህን ትምህርት ቤት ለሕዝባቸው የወደፊት ሕይወት የተስፋ መልሕቅ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ትምህርት ቤቱ አድጎ በ1866 ኮሌጅ ሲሆን ሆፕ ኮሌጅ፣ ማለት የተስፋ ኮሌጅ ተባለ። በዚያ ዓመት የተመረቁት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ስምንት ብቻ ነበሩ። ኮሌጁ እስከ ዛሬ ያስተምራል፣ ምልክቱም መልሕቅ ነው።

በዚያው ዘመን የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ሁለቱ ልጆቻቸው ቤንያሚንና ዲርክ በ1862 ወታደር ሆነው ዘመቱ። ዲርክ በ1864 በአትላንታ አጠገብ በተደረገው ውጊያ ቆስሎ አንድ ክንዱን አጣ። የተሰደዱበት አገር የልጆቻቸውን ደም ሲጠይቅ አልከለከሉም።

በ1867 ከእረኝነታቸው በጡረታ ተሰናበቱ። ዕረፍት ግን አልሆነላቸውም። በ1869 በቨርጂንያ ክፍለ ሀገር አሜሊያ በሚባል ስፍራ ሌላ የሆላንዳውያን ሰፈር ለመመሥረት ሞከሩ። ይህ ሙከራ አልተሳካም። ወደ ሚሺጋንም ተመለሱ። አንድ ጊዜ የተሳካለት ሰው በሁለተኛው ጊዜም ሊሳካለት እንደማይገደድ ከዚህ እናያለን።

እሳትና ፍጻሜ

1871 ለቫን ራልተ ከሁሉ የከፋ ዓመት ሆነ። በጁን ወር መጨረሻ የስደቱን መከራ ሁሉ አብረዋቸው የተሸከሙት ባለቤታቸው ወይዘሮ ክርስቲና ዐረፉ። በዚያው ዓመት ለረጅም ጊዜ ዝናብ ስላልዘነበ ጫካውና ሣሩ ደርቆ ነበር። ኦክቶበር 8 ቀን ሌሊት ኃይለኛ ነፋስ እሳት ይዞ ከተማው ውስጥ ገባ። የቺካጎ ከተማ የተቃጠለችውም በዚያው ሌሊት ነበር። ሲነጋ በ24 ዓመት ድካም የተሠራችው ሆላንድ ከተማ አብዛኛዋ ዐመድ ሆናለች። ከ200 በላይ መኖሪያ ቤቶች፣ ሱቆች፣ ፋብሪካዎችና የጸሎት ቤቶች ጠፍተዋል። አንዲት አረጋዊት መበለት በእሳቱ ሞተዋል። ባለ ዓምዱ ቤተ ክርስቲያንና ኮሌጁ ግን ተረፉ።

ስድሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ በቅርቡ ባለቤታቸውን የቀበሩት ሽማግሌ ቤት አልባ በሆነው ሕዝብ ፊት ቆመው አጽናኑ። ከተማይቱ በሆላንዳውያን ጽናትና በአሜሪካ ባገኙት ልምድ እንደምትታነጽ ነገሯቸው። ሕዝቡም እንደ ነህምያ ዘመን ሰዎች ተነሥቶ እያንዳንዱ በቤቱ ፊት መሥራት ጀመረ። በዚህ ጊዜ ግን እንደ 1847 ብቻቸውን አልነበሩም። በዙሪያቸው ካሉት የእርሻ መንደሮችና ከሌላም ስፍራ እህልና ልብስ መጣላቸው። ከደኑ የወጣው እርሻ ከተማዋን መገበ።

ቄስ አልበርተስ ቫን ራልተ ኖቬምበር 7 ቀን 1876 በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ወደ አሜሪካ ከገቡ 30 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀርቶ ነበር። በመሠረቷት ከተማ ተቀበሩ።

ለእኛ የሚቀረው

ወንድሞችና እኅቶች፤ የእኚህን ሰው ሕይወት ስንመረምር እንከን የሌለው ጀግና አናገኝም። በመጀመሪያ ላይ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። የተገፋ ሰው ጊዜ ሲያልፍለት ምን ያደርጋል? ወላጆቻቸው ለሞቱባቸው ሕፃናት በሩን ከፍቶ ሲቀበል አይተናል። ለትውልድ የሚጠቅም ትምህርት ቤት ሲሠራ አይተናል። በዐመድ ላይ ቆሞ ሌሎችን ሲያጽናና አይተናል። ያስጠጋውን ሕዝብ ሳያስተውል ሲያፈናቅልም አይተናል። ከወንድሙ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥ ሲያቅተውም አይተናል። ይህ ሁሉ በአንድ ሕዝብ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሆነ።

ስለዚህ መከራን መቀበል ብቻውን ሰውን ጻድቅ አያደርገውም። መከራው ካለፈ በኋላ በእጃችን በገባው ነገር የምናደርገው ይታያል። ዛሬ ከመካከላችን አንዱ በክፍል ውስጥ፣ አንዱ በሥራ ቦታ፣ አንዱም በመዘምራን መካከል ትንሽ ኃላፊነት ይዞ ይሆናል። ትናንት የተናቀ ዛሬ የሚንቅ እንዳይሆን፣ ትናንት የተጠለለ ዛሬ በሩን የሚዘጋ እንዳይሆን ራሱን ይመርምር። በጉባኤያችን አዲስ የመጣውን፣ ከሌላ አገር የተሰደደውን፣ ቋንቋችንን በደንብ የማይችለውን ማን በቤቱ ተቀበለ? ሕዝቡ የሠራው የሕፃናት ማሳደጊያ ያለ ሕፃናት የቀረው የሰው ቤት ሁሉ ስለ ተከፈተ ነው። የእኛም ቤት እንደዚሁ ክፍት እንዲሆን እግዚአብሔር ይርዳን።